«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት በሲስተሙ ውስጥ ምን እየሄደ እንደሆነ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
አዲስ አበባ

ክቡር አዘጋጅ፣

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮና ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባሉት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመላለስ ሰው በየመስኮቱ ደጋግሞ ከሚሰማቸው መልሶች አንዱ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ባለጉዳዩ ይህን መልስ እንደ ክረምት ዝናብ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር አድርጎ መቀበል ስለለመደ፣ ወረፋውን ትቶ ይሄዳል ወይም ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል እንጂ «ለምን የለም?» ብሎ አይጠይቅም። ከአሥር ዓመት በላይ በዳታቤዝ አስተዳዳሪነት የሠራሁ እንደመሆኔ፣ ጥያቄው መጠየቅ እንዳለበትና መልሱም ብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ በራሱ እጅ እንዳለ ለአንባቢዎችዎ፣ በተለይም ለተቋማት ኃላፊዎች ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

መብራት የሚጠፋበትና የኔትወርክ መስመር የሚቋረጥበት ቀን መኖሩን አልክድም። ነገር ግን «ሲስተሙ ከበደ» ተብዬ ተጠርቼ ከመረመርኋቸው ችግሮች በብዙዎቹ ሰርቨሩም መስመሩም ደህና ነበሩ፤ ያስቸገረው አንድ ሰው ቀደም ሲል ሰዓት ወስኖለት ያስቀመጠው፣ በኋላም የረሳው፣ ከበስተጀርባ የሚሄድ ሥራ ነበር። እኛ በሙያው ያለነው በተለምዶ «ጆብ» የምንለው ይህ ሥራ፣ ማንም ሰው አጠገቡ ሳይቀመጥ በተወሰነለት ሰዓት ራሱ ተነሥቶ በዳታቤዙ ላይ የሚፈጸም የመጠይቅ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ፣ እና የትእዛዝ ስብስብ ነው። የዕለቱን ሒሳብ የሚዘጋው፣ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው፣ የቆዩ መዝገቦችን ወደ ማኅደር የሚያዛውረው፣ የሳምንቱን ሪፖርት ለኃላፊዎች የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬ ጆቦች በመኖራቸው ላይ አይደለም፤ ያለ ባለቤትና ያለ ሥርዓት በመለቀቃቸው ላይ ነው።

ዳታቤዝን በቅርብ የማያውቅ አንባቢ የድሮውን መዝገብ ቤት ቢያስታውስ ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። መዝገብ ቤቱ አንድ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያዎችና ሁለት ሠራተኞች አሉት እንበል። በመስኮት የቆመው ባለጉዳይ የሚፈልገው አንዲት ፋይል ስለሆነችና ቁጥሯም ስለሚታወቅ በደቂቃ ውስጥ ልትወጣለት ትችላለች። በዚያው ሰዓት ግን «የአምስት ዓመቱ ፋይል በሙሉ ተቆጥሮ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ቢመጣ፣ ሁለቱም ሠራተኞች መሰላል ላይ ይወጣሉ፣ ጠረጴዛው በፋይል ይሞላል፣ መተላለፊያው ይዘጋል፤ ፋይሉ ሳይጠፋ ሠራተኛውም ሳይጎድል ባለጉዳዩ ይጉላላል። በዳታቤዝ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከባድ መጠይቅ ሚሊዮን የመዝገብ መስመሮችን ሲያነብ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ከመስኮቱ ሠራተኛ አጭር ጥያቄ ጋር ይሻማል። እንደ ፖስትግሬስና ኦራክል ባሉ ዳታቤዞች ማንበብ ብቻውን መጻፍን አያግድም፤ በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን የመነሻ አቀማመጡ ካልተለወጠ በቀር አንባቢው የያዘው ሎክ (ሌላው እንዳይነካ የሚያግድ ቁልፍ) ጸሐፊውን ሊያስቆመው ይችላል። በፖስትግሬስም ቢሆን የተጠናቀረን የሪፖርት ሰንጠረዥ በተራው ትእዛዝ ማደስ፣ እድሳቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰንጠረዡን ሊያነቡ የመጡትን ሁሉ ደጅ ያስጠብቃል። ንባብን ሳያግድ የሚያድሰው አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አለ፤ ለሰንጠረዡ እያንዳንዱን መስመር ለይቶ የሚያሳውቅ አንድ ማውጫ (ልዩ ኢንዴክስ) ማበጀት ብቻ ይጠይቃል፤ ዛሬም ያልተጠቀሙበት ቦታ ሳይ አዝናለሁ።

ሰዓትን በተመለከተ የእኛ አገር የተለየ ጉዳይ ስላላት በእርሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ። በመሀል ከተማ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ጠዋት ጠዋት ሲስተሙ እየከበደ ለወራት ተቸግሮ ነበር። በሩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈት ወረፋው ደጅ ይደርሳል፤ አንድ መዝገብ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ወደ 4 ሰዓት ሲቃረብ ግን ማንም ምንም ሳያደርግ ነገሩ ይስተካከላል። ችግሩ የኔትወርክ ነው ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎ የኢንተርኔቱ ፍጥነት እንዲያድግ ተደረገ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። እኔ ስጠራ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በዚያች ደቂቃ በዳታቤዙ ውስጥ እየሄዱ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝር ከፈትሁ። በዝርዝሩ አናት ላይ ያገኘሁት የማንንም ሠራተኛ ጥያቄ ሳይሆን ለ40 ደቂቃ ሲሄድ የቆየ አንድ የማጠቃለያ ጆብ ነው። ፋይሉን አስወጥተን ስናይ፣ ኃላፊው ከዓመት በፊት ለአቅራቢው ድርጅት በጻፉት ደብዳቤ ሥራው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» እንዲጀምር አዘዋል፤ ሲስተሙን የተከለው ባለሙያም 8 ቁጥርን እንዳለች በመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገብቷታል። ኮምፒዩተሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ የእርሱ 8 የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሣ ከተፈለገ መጻፍ የነበረበት 2 ነበር። ከተማው ተኝቶ ሳለ ማለቅ የነበረበት ሥራ በአንዲት አኃዝ ምክንያት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ሳይቀሩ በቆሙበት ሰዓት ይሠራ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው ጠዋት እንዲያ መባከኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ማስተካከያው የፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው።

ሁለቱን አቆጣጠሮች የሚያውቅ ባለሙያም ቢሆን ሰርቨሩ በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሚቆጥር ካላረጋገጠ ከስሕተት አያመልጥም። ፒጂክሮን የተባለው የፖስትግሬስ የጆብ ማስያዣ፣ አቀማመጡ ካልተለወጠ በቀር በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚሠራው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ ማስያዣ 2 ተብሎ የተጻፈ ሥራ የሚነሣው በእኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ 8 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ወረፋው በጣም በሚበዛበት ጊዜ ይነሣል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማለት 23 መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሥራው የሳምንቱን ቀን የሚመርጥ ከሆነም ቀኑ አብሮ አንድ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እንደ አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ስለማንለዋውጥ፣ የሌሊት ሥራ አንድ ቀን ተዘልሎ አንድ ቀን ደግሞ ሁለት ጊዜ የሚነሣበት የእነርሱ ችግር ለእኛ የለብንም። የእኛው ችግር በአንድ ልማድ ይፈታል፦ በማንኛውም ደብዳቤ፣ ውልና ቃለ ጉባኤ ላይ የጆብ ሰዓት ሲጻፍ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በማሽኑ አቆጣጠር 02፡00፣ በአዲስ አበባ ሰዓት» ተብሎ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፍ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ሶፍትዌር የሚመጣው ከአገሩ ልማድ ጋር መሆኑም መታወቅ አለበት። ኦራክል አውቶማቲክ የጥገና ሥራዎቹን የሚያካሂድባቸው መስኮቶች ከመነሻው ተወስነው ይመጣሉ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለ20 ሰዓት ክፍት ናቸው። ይህን የወሰነው ሰው ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም ብሎ ነው። በእኛ ከተማ ግን ባንኮች ቅዳሜ ይሠራሉ፤ የሳምንቱን ገቢ ቅዳሜ ጠዋት የሚያስገባ ነጋዴም ብዙ ነው። መስኮቱን ከእኛ የሥራ ሳምንት ጋር ማስማማት ለባለሙያው የጥቂት ትእዛዞች ሥራ ነው፤ እንዲደረግ የሚጠይቅ ኃላፊ ግን ያስፈልጋል።

የቀን መቁጠሪያችንም እንዲሁ ነው። ዩኒክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው፣ ክሮን የተባለው የጆብ ማስያዣ ደቂቃን፣ ሰዓትን፣ የወሩን ቀን፣ ወሩንና የሳምንቱን ቀን በአምስት ቦታ ይቀበላል፤ ወሮቹም 12 ብቻ ናቸው፣ ጳጉሜን አያውቃትም። «ወር በገባ በ1» የሚል መመሪያ ተቀብሎ የቀኑን ቦታ 1 ብሎ የሞላ ባለሙያ ሪፖርቱን ሰኔ 24 ቀን ያገኘዋል፤ ጁላይ 1 የሚውለው ያን ቀን ነውና። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ስለሚውል ለእርሱ በፈረንጅ ቀን መርሐ ግብር መያዝ ይቻላል። መስከረም 1 ግን ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት በአንድ ቀን ይገፋል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው በሴፕቴምበር 12 ስለነበር፣ በ11 እንዲነሣ የተያዘ የዓመት መክፈቻ ሥራ ያን ዓመት ጳጉሜን 6 ላይ ተነሥቷል ማለት ነው። የሚሻለው ጆቡን በየሌሊቱ ማስነሣትና በራሱ ውስጥ የኢትዮጵያን ቀን ከአንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ አንብቦ፣ ቀኑ ካልሆነ ምንም ሳይሠራ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

በትክክለኛው ሰዓት የተያዘ ሥራም ቢሆን እያደር መልኩን ይለውጣል። ሲተከል 40 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረ፣ በየ5 ደቂቃው የሚነሣ ጆብ፣ መረጃው እያደገ ሲሄድ አንድ ቀን 7 ደቂቃ መፍጀት ይጀምራል። የሰርቨሩ ክሮን የቀድሞው አልቆ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁለተኛውን ያስነሣል፤ ሁለቱ ሲሻሙ ሁለቱም ይዘገያሉ፤ ሦስተኛው ይጨመራል፤ ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፒጂክሮን አንድ ጆብ ሳያልቅ ያንኑ ጆብ ደግሞ አያስጀምርም፤ እንደ ክሮን ይህን ጥበቃ በማይሰጡ ማስያዣዎች ግን ሥራው ሲጀምር አንድ የስምምነት ሎክ ይዞ፣ ተይዞ ካገኘው ወዲያው እንዲወጣ ማድረግ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። የጊዜ ገደብም እንዲሁ መታሰብ አለበት። በፖስትግሬስ የመጠይቅ ጊዜ ገደብ ከመነሻው ዜሮ ነው፤ ይህም ማለት ገደብ የለውም፣ የተሳሳተ መጠይቅ ማንም ካላስቆመው ቀኑን ሙሉ መሄድ ይችላል ማለት ነው። ጉዳቱ እርሱ በሚያነበው ሰንጠረዥ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ አንድ ግብይት (በዳታቤዝ ቋንቋ አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች ስብስብ) ክፍት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ከእርሱ መጀመር በኋላ በዚያ ዳታቤዝ የተሻሩ መስመሮችን የማጽዳት ሥራ ሊያስወግዳቸው ስለማይችል፣ ሰንጠረዦቹ በሙት መስመሮች ያብጣሉ፤ የነገው ጠዋትም ከዛሬው ይከብዳል።

ባለቤት የሌለው ጆብ ከዘገየ ጆብ ይልቅ ያስፈራኛል። በሌላ አንድ ቦታ ሲስተሙን ለዓመታት የያዘው ባለሙያ ሥራ ለቀቀ፤ አካውንቱም እንደሚገባው ተዘጋ። የሌሊቱ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ጆብ ግን የተመዘገበው በእርሱ የግል አካውንት ስም ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጆቡ እየወደቀ ሲያድር ለማንም መልእክት አልደረሰም፤ መልእክቱ የሚላከው ለለቀቀው ሰው የኢሜል አድራሻ ነበርና። ነገሩ የታወቀው አንድ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘውን መዝገብ ለመመለስ ቅጂ ሲፈለግ ነው፤ የተገኘው የመጨረሻ ቅጂ ባለሙያው የለቀቀበት ሳምንት ነበር። የኤስኪውኤል ሰርቨር ማስያዣ የጆቦችን ታሪክ ከመነሻው በአጠቃላይ 1000 መስመር፣ ለአንድ ጆብ ደግሞ 100 መስመር ብቻ ስለሚይዝ መቼ እንደተጀመረ የሚነግረን መዝገብ እንኳ አልቀረልንም። ኤክስፕረስ የተባለውን የነፃ ዝርያ የሚጠቀሙ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ይህም ማስያዣ የላቸውም፤ ጆቦቻቸው በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሠራተኛ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ያ ኮምፒዩተር መብራት በጠፋበት ሌሊት ከጠፋ ሥራው ይዘለላል፤ ተራው ክሮንም ያመለጠውን ሰዓት ተመልሶ አያሟላም፤ እንዲያሟላ የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ ወይም የተለየ አቀማመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ለኃላፊዎች በቀጥታ መናገር እፈልጋለሁ። የቀኑን አገልግሎት ከሚያደናቅፉት ከባድ መጠይቆች ብዙዎቹ በመርሐ ግብር የተያዙ አይደሉም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ «የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት አሁኑኑ ይድረሰኝ» በሚል የስልክ ትእዛዝ የሚጀመሩ ናቸው። በታችኛው ፎቅ ያለው ወጣት ባለሙያ መጠይቁ ሲስተሙን እንደሚያከብድ ያውቃል፤ «ከምሳ በኋላ» ወይም «ነገ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል» ለማለት ግን ሥልጣን የለውም። መፍትሔው ባለሙያውን የበለጠ ደፋር ማድረግ አይመስለኝም፤ ኃላፊው ራሱ የሪፖርት መጠይቅ በአገልግሎት ሰዓት በዋናው ዳታቤዝ ላይ እንዳይሄድ በጽሑፍ ቢከለክልና ለራሱም ቢገዛበት ነው። አስቸኳይ ሪፖርት የግድ ሲሆን ደግሞ ከዋናው ዳታቤዝ ጋር እኩል የሚሄድ፣ ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ማቋቋም ይቻላል፤ ፖስትግሬስ ይህን ችሎታ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ወጪው የአንድ ተጨማሪ ሰርቨር ነው። ቀደም ብዬ ባነሣሁት መሥሪያ ቤት ለኢንተርኔት ፍጥነት በከንቱ የወጣው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ምንኛ በጠቀመ ነበር።

የተጀመረ ሥራን ማስቆምም ዕውቀት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ሲስተሙ ሲከብድ የመጀመሪያው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ «ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩት» የሚል ይሆናል። ሚሊዮን መስመሮችን በአንድ ግብይት ሲለውጥ የቆየ ሥራ በመሀል ቢቋረጥ በብዙ ዳታቤዞች የሠራውን ሁሉ መቀልበስ አለበት፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራም ቅልበሳው ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ አይቀርም፤ አንዳንዴም ቅልበሳው እስኪያልቅ ድረስ ዳታቤዙ አይከፈትም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚሄዱትን ሥራዎች ዝርዝር መመልከት፣ የትኛው የትኛውን እንዳገደ መለየት፣ ከዚያም ያንኑ አንድ መጠይቅ ብቻ በጨዋ ትእዛዝ መሰረዝ፣ እምቢ ካለ ብቻ ግንኙነቱን መቁረጥ ይገባል። ከዚህም ይልቅ የሚመረጠው ትልቁን ሥራ ከመነሻው ከፋፍሎ፣ ጥቂት ሺህ መስመር ሠርቶ እያጸደቀ እንዲቀጥል አድርጎ መጻፍ ነው፤ እንዲህ የተጻፈ ጆብ በማናቸውም ሰዓት ቢቆም የሚጠፋው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው ተግባራዊ ነገር አለ። እያንዳንዱ ሕዝብ የሚያገለግል መሥሪያ ቤት በሲስተሙ ውስጥ የሚሄዱትን ጆቦች በሙሉ በአንድ መዝገብ ያስፍር፤ በመዝገቡም ላይ ጆቡ ለምን እንደሚሠራ፣ በእኛና በማሽኑ አቆጣጠር በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ቢበዛ ስንት ደቂቃ እንደሚፈቀድለት፣ ቢወድቅ ማን እንደሚነገረው ይጻፍ። ባለቤቱ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ይሁን፤ ጆቡ የሚነሣበት አካውንትም የማንም የግል አይሁን። ሲስተም ገዝተው የሚረከቡ ተቋማት ይህ ዝርዝር ሳይቀርብላቸው የርክክብ ሰነድ ላይ አይፈርሙ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሁሉም ማጠቃለያ በአንድ ሳምንት ስለሚደራረብ፣ መዝገቡ ግንቦት ውስጥ ታይቶ የትኛው ሥራ በየትኛው ሌሊት እንደሚሄድ ቢደለደል በዚያ ሳምንት የሚመጣው ባለጉዳይ ከመጉላላት ይድናል።

ለጋዜጣዎ ሪፖርተሮችም አንድ ልመና አለኝ። ስለ አገልግሎት መጓተት ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ «ሲስተም ስላልነበረ ነው» የሚል መልስ ብታገኙ በዚያ አታብቁ፤ በዚያች ሰዓት በዳታቤዙ ውስጥ ይሄድ የነበረው ሥራ ምን እንደነበርና የማን እንደሆነ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ